የሟቹ ፕሮፌሰር ማዘዣዎች

ፋርማሲስቱ ከአምስት ወር የሕመም ፈቃድ በኋላ ሥራ በገባበት ሰኞ ጠዋት፣ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አዲስ የተሰቀለ ፎቶግራፍ አየና ቆመ። ጥቁር ጥብጣብ ታስሮበታል። ከሥሩ የካንሰር ክፍሉ ፕሮፌሰር ያረፉበት ቀን ተጽፏል፤ አራት ወር ሊሞላው ነው። ለሃያ ዓመት የእሳቸውን ጽሑፍ ሲያነብ የኖረ ሰው ነውና እንባው መጣ። ዓይኑን ጠረገ፣ ጋዋኑን ለበሰ፣ የሞርፊኑን ቁም ሣጥን ከፈተ፣ እሱ በሌለበት የወጣውን ለማየት ፋይሉን አወረደ። ያን ጊዜ ደግሞ ላብ መጣው። ከፋይሉ አናት ላይ ያለው ማዘዣ የተጻፈው ባለፈው ዓርብ ነው። የፈረሙት ፕሮፌሰሩ ናቸው።

ወደ ታች ገለጠ። አሁንም ፕሮፌሰሩ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከሞቱበት ቀን ወዲህ የተጻፉ ስልሳ አንድ ማዘዣዎች ለቀመ። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ፖሊስ ጋ ደወለና «የሞተ ሐኪም መድኃኒት እያዘዘ ነው» አለ። ስልኩን ያነሳው ፖሊስ የሚያሾፍበት ሰው መስሎት ሊዘጋበት ምንም አልቀረውም ነበር።

ጉዳዩ ለኢንስፔክተሩ ተመራ። መሥሪያ ቤት ውስጥ በሌለበት «ወንፊት» ይሉታል፤ አንዷን ጥያቄ አሥር ጊዜ ካላነፋት እንቅልፍ አይወስደውም። ሃምሳን ያለፈ፣ ጨጓራ ያለበት፣ የሆስፒታል ሽታ የሚያንገሸግሸው ሰው ነው። አብሮት ያለው ሳጅን ግን ገና ትኩስ ነው፤ ወንጀሉ ከመነገሩ ወንጀለኛውን ያገኛል።

«ይሄ እኮ ግልጽ ነው ጌታዬ» አለ ሳጅኑ መኪና ውስጥ። «የማዘዣ ጥራዝ ሰርቀዋል፣ ፊርማ አስመስለዋል፣ መድኃኒቱን ለሱሰኛ ይቸበችቡታል። የውስጥ ሰው አለበት። ማን ነበረች ፋርማሲስቱን የተካችው?»

የተካችው ሴት ከሌላ ከተማ ተዛውራ የመጣች፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች፣ በቀላሉ የማትደነግጥ ሰው ሆና ተገኘች። የምትሠራበት መስኮት ወደ መንገድ የሚከፈት ስለሆነ በኮሪደሩ አልፋ አታውቅም።

«የሞርፊን ልዩ ማዘዣ ሲመጣልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«ከመሳቢያው የሐኪሙን የፊርማ ናሙና ካርድ አወጣለሁ። አመሳክራለሁ። አንድ ከሆነ እሰጣለሁ።»

«ሐኪሙ እኮ ሞተዋል።»

«ካርዳቸው መሳቢያው ውስጥ አለ» አለች። «ፊርማውን አመሳክሪ ነው የተባልኩት። ሰውየው በሕይወት መኖራቸውን አመሳክሪ ያለኝ የለም።»

ኢንስፔክተሩ መሳቢያውን ራሱ ከፍቶ አየ። እውነቷን ነው። ሐኪም ሲቀጠር ካርድ ይገባል፤ ሐኪም ሲሞት ካርዱን የሚያወጣ ሰው ግን አልተመደበም። ፋርማሲስቱ በኀፍረት አንገቱን ደፋ። ለጥንቃቄ ተብሎ የሆስፒታሉ ባዶ ልዩ ማዘዣዎች በሙሉ ከነመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ታሸጉ፤ ቁልፉንም ፖሊስ ወሰደው።

ማዘዣዎቹ ላይ የሰባት ሕመምተኞች ስምና አድራሻ ነበር። ሳጅኑ ሰባቱም የፈጠራ ስም ናቸው ብሎ ሲምል ዋለ፤ ማክሰኞ ጠዋት ሲያጣሩ ግን ሰባቱም እውነተኛ ሰዎች ሆኑ። ሦስቱ በነዚህ አራት ወራት ውስጥ ሞተዋል። አራቱ አሉ። የመጀመሪያው ጡረተኛ የከባድ መኪና ሾፌር ነው።

ሾፌሩ የተኛው በመስኮቱ ሥር ነው፤ መንገዱን ማየት ስለሚወድ ልጁ አልጋውን ወደዚያ ስባለታለች። ካንሰሩ የዳሌ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። ሰፈሩ «ሦስተኛ ማርሽ» ይለዋል፤ በአርባ ዓመት ሥራው ከሦስተኛ ማርሽ በላይ ገብቶ አያውቅም፣ አንድ ዶሮ እንኳ አልገጨም። ልጁ እዚያው ክፍል ውስጥ በስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከስፌት መኪናው በላይ መደርደሪያው ላይ የሞርፊን ሽሮፕ ያለበት ጠርሙስ፣ መለኪያ ሲሪንጅ፣ እና በየአራት ሰዓቱ የተወሰደው ምልክት የተደረገበት ወረቀት አለ።

«ፖሊስ ነው?» አለ ሽማግሌው ከአልጋው ላይ። «መንጃ ፈቃዴ አልታደሰም፤ አልጋው ግን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም በያቸው!»

ኢንስፔክተሩ ሳያስበው ሳቀ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ይሄን መድኃኒት የሚያዝልዎ ማነው?»

«ሆስፒታል ነው የሰጡን» አለች ልጅቷ ከአባቷ ቀድማ።

«ሆስፒታል ማን?»

«ሆስፒታል ነው የሰጡን።»

«ወረቀቱን በእጅሽ የሰጠሽ ሰው ወንድ ነው ሴት?»

ልጅቷ የስፌት መኪናዋን መርፌ ታየው ጀመር። ሽማግሌው ጣልቃ ገባ። «ተዋት ልጄ። ይልቅ እኔን ጠይቀኝ። ከዚህ መድኃኒት በፊት ሦስት ሳምንት እንዴት እንደነበርኩ ጠይቀኝ።»

«እንዴት ነበሩ?»

ሽማግሌው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የመለሰችው ልጅቷ ናት። «ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ተከራዮች ነበሩ። የአባቴን ጩኸት አልቻሉም፤ ይቅርታ ጠይቀውን ቤቱን ለቀው ሄዱ። አልተቀየምኳቸውም። እኔ ግን ወዴት ልልቀቅ? አባቴ ነው።» ከዚያ ብድግ ብላ በመደርደሪያውና በሁለቱ ፖሊሶች መሃል ቆመች። «ልትወስዱት ነው የመጣችሁት?»

«ማንም አይነካውም» አለ ኢንስፔክተሩ። «ቃሌ ነው። አባትሽ መድኃኒት አያጡም።»

የበሩን ደረጃ ሲወርዱ ሳጅኑ ዝም ሊል አልቻለም። «ጌታዬ፣ ያ ጠርሙስ እኮ ኤግዚቢት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ በምን ሥልጣን…»

«አፌን አዳልጦኝ ነው፤ በቃ!» ብሎ ጮኸበት ኢንስፔክተሩ። ቀኑን ሙሉ ግን የልጅቷ ፊት ከዓይኑ አልጠፋም። ሌሎቹ ሦስት ቤቶችም «ሆስፒታል ነው የሰጡን» አሏቸው፤ ቃል በቃል፣ አንዲት ፊደል ሳትጨመር ሳትቀነስ። ሰዎቹን ያስጠናቸው አለ ማለት ነው። የሚወዱት ሰው መሆን አለበት፤ ያስፈራራቸው ቢሆን ኖሮ ከአራቱ አንዱ ሾልኮ ያወራ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ጥርጣሬው በፕሮፌሰሩ ምክትል ላይ አረፈ። ፕሮፌሰሩ ከሞቱ ወዲህ በከተማው የቀረው የካንሰር ሐኪም እሱ ብቻ ነው፤ ሕመምተኞቹ «ዶክተር ቀጠሮ» ብለው አውጥተውለታል። የማዘዣ ጥራዞቹ ቁልፍ በእጁ ነበር። ሳጅኑ ካቴናውን ሲነካካ ነው የገባው።

ዶክተር ቀጠሮ ፓስፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረላቸው። ከአራቱ ወር ስድስቱን ሳምንት ውጭ አገር ሥልጠና ላይ ነበር፤ ማኅተሙ አለ። በነዚያ ሳምንታትም ማዘዣዎቹ በየዓርቡ አልተቋረጡም። ሳጅኑ ካቴናውን ወደ ቦታው መለሰ።

«አሁን እኔ ላሳያችሁ» አለ ሐኪሙ፣ ኮምፒውተሩን ወደ እነሱ አዙሮ። «በከተማው የታዘዘ ሞርፊን ነው። ቀይዋ መስመር እኛ ነን፣ የካንሰር ሐኪሞች። ሰማያዊዋ ጠቅላላ ሐኪሞች ናቸው።»

ቀይዋ ቀስ እያለች ትወጣለች። ሰማያዊዋ ከእሷ በላይ ስትሄድ ቆይታ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ድንገት ወርዳ መሬት ላይ ተኝታለች።

«እዚህ ጋ ምን ሆነ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«እዚህ ጋማ እናንተ መጣችሁ። ዘመቻ ብላችሁ ሞርፊን የጻፈውን ጠቅላላ ሐኪም ሁሉ ቢሮ በረበራችሁ። አንድ ሌባ አላገኛችሁም። ከዚያ ወዲህ ግን ማንም አይጽፍም፤ ሁሉም ‹ወደ ካንሰር ሐኪም ሂዱ› ነው። የካንሰር ሐኪም ደግሞ እኔ ነኝ። ቀጠሮዬ ለስድስት ሳምንት ሞልቷል፤ የሚመጣልኝ ሰው ግማሹ ስድስት ሳምንት ዕድሜ የለውም።»

ኢንስፔክተሩ ዘመቻውን ያስታውሰዋል። የምስጋና ደብዳቤ የተሰጠው ያኔ ነው።

ሐኪሙ ከማዘዣዎቹ አንዱን አንስቶ አነበበ። «ደግሞ ይሄን የጻፈው ሌባ አይደለም። እዩ፣ ከሞርፊኑ ሥር ሁልጊዜ የሆድ ማለስለሻ አለ። ሞርፊን ሆድ ያደርቃል። ለሱሰኛ የሚሸጥ ሰው ስለ አንጀት ምን ጨነቀው?»

ከሰዓት በኋላ የፊርማ መርማሪው ውጤት መጣ። ላይ ያለው ጽሑፍ የሌላ ሰው እጅ ነው። ፊርማው ግን ስልሳ አንዱም ላይ የፕሮፌሰሩ የራሳቸው ነው፤ ምንም ጥርጥር የለውም።

«እንግዲህ የቀረን መቃብሩን መጠበቅ ነው» አለ ሳጅኑ። በአራት ወንበር የጠበበች ቢሯቸው ውስጥ የሳቀለት ግን አልነበረም።

ኢንስፔክተሩ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፋ። ማዘዣዎቹን በቀናቸው ሳይሆን በተራ ቁጥራቸው ወለሉ ላይ ደረደራቸውና በጉልበቱ ተንበርክኮ ከአንድ እስከ ስልሳ አንድ እየተሳበ አየ። ሱሪው አቧራ ሆነ። ሁለተኛ ዙር ጀመረ። አርባዎቹ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ና ተንበርከክ» አለው ሳጅኑን። «አስመሳይ ሲደጋግም ምን ይሆናል?»

«ይጎብዛል።»

«ይሄ ግን እየደከመ ነው የሄደው። አንደኛዋን እያት፣ ቀጥ ያለች ናት። ሠላሳኛዋ ተንቀጥቅጣለች። ስልሳኛዋ ላይ ስሙን መጨረስ አቅቶታል። ባዶ ወረቀት ላይ ነው የፈረሙት። ሳይሞቱ፣ አልጋ ላይ፣ በተከታታይ።»

ሐሙስ ጠዋት የፕሮፌሰሩን ባለቤት ሄደው አነጋገሩ። የባላቸውን ሸሚዞች ለሰው ሊሰጡ እያጣጠፉ ነበር፤ ሲያናግሯቸውም ማጣጠፉን አላቆሙም።

«እትዬ፣ ፕሮፌሰሩ ሊያርፉ አካባቢ የሚፈርሙት ወረቀት ነበር?»

«ልቡ ደክሞ ነበር» አሉ ሴትዮዋ። «በትራስ ደግፌ አስቀምጠዋለሁ። ጣውላ አምጪልኝ ይለኛል፤ እሱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይፈርማል። ሦስት አራት ይፈርምና ያርፋል። የተማሪ ወረቀት መስሎኝ አንድ ቀን ‹ይበቃሃል!› ብዬ ብዕሩን ቀማሁት። ‹መልሺልኝ፤ እያንዳንዷ የአንድ ሰው ሳምንት ናት› አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ ግን መለስኩለት።»

«ወረቀቶቹን ማን ወሰዳቸው?»

ሴትዮዋ ሸሚዙን ደረታቸው ላይ ያዙት። «ከተማው በሙሉ ሲጠይቀው ነበር ልጄ። ስንቱን ላስታውስ?»

ኢንስፔክተሩ አላስጨነቃቸውም። መኪናው ውስጥ ገብቶ ግን ሞተሩን ሳያስነሳ ተቀመጠ። ከዚያ ፋርማሲስቱ ጋ ደወለ። «ስልሳ አንዱም ማዘዣ የሰባት ቀን ነው። የካንሰር ሐኪም ለስንት ቀን ነው የሚያዘው?»

«እስከ ሠላሳ ቀን። ፕሮፌሰሩማ ሁልጊዜ ሠላሳ ነው የሚጽፉት።»

«ታዲያ ሰባት የሚጽፍ ማነው?»

«ጠቅላላ ሐኪም። ሕጉ ከዚያ በላይ አይፈቅድለትም።»

ሰባቱም ሕመምተኞች፣ የሞቱትም ያሉትም፣ የአንድ ጤና ጣቢያ ሰፈር ሰዎች ነበሩ። በጤና ጣቢያው ያለችው ሐኪም አንዲት ናት፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ደጇ ላይ ሰው ተኮልኩሏል። «አንዴ ይጠብቁኝ፣ ይቺን እናት ላስተናግድ» አለችው፤ ኢንስፔክተሩም አግዳሚው ላይ ከሚያስሉ ልጆች መሃል ተቀምጦ ጠበቀ። ሲገባ መታወቂያውን አላወጣም። አንዷን ማዘዣ ፊቷ አስቀመጠና እንደዋዛ ጠየቃት።

«ዶክተር፣ ይሄ ለምን የሰባት ቀን ብቻ ሆነ?»

«ከሰባት በላይ እኮ አይፈቀድልኝም» አለች። ካለች በኋላ አፏን በእጇ ያዘች።

ሳጅኑ ማስታወሻውን አወጣ። ኢንስፔክተሩ ግን በያዘው ነገር ምንም ደስታ አልተሰማውም። በሟች ሰው ፊርማ ሕግ ስትጥስ ከርማ፣ የሕጉን ሰባት ቀን ግን አንድም ጊዜ አላለፈችም።

«አላስታወሱኝም አይደል?» አለችው። «ከሁለት ዓመት በፊት ይሄን መሳቢያ የፈተሹት እርስዎ ነበሩ። በሽተኞቼ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ምንም አላገኙም። ጨዋ ነበሩ፣ መሳቢያውን መልሰው ዘግተውልኝ ነው የሄዱት።»

ኢንስፔክተሩ መሳቢያውን አየው። አላስታወሰውም። ስንቱን መሳቢያ ያስታውሳል።

«ከዚያ በኋላ ለጻፍኳት ለእያንዳንዷ ሞርፊን የማብራሪያ ደብዳቤ ጠየቁኝ። ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። አራተኛ የመጣችውን ሴት ፈራሁና ወደ ካንሰር ሐኪም ሂጂ አልኳት። ቀጠሮዋ ሳይደርስ ሞተች፤ ስትጮኽ ነው የሞተችው፣ ቤቷ ከዚህ ይሰማል። ፕሮፌሰሩ ጋ ሄጄ አለቀስኩ። አስተማሪዬ ናቸው። ‹የማዘዣ ጥራዜን አምጪልኝ› አሉኝ።» ከጋዋን ማስቀመጫዋ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ጥራዝ አውጥታ ሰጠችው። ሠላሳ ዘጠኝ ቅጠል ቀርቷል። የመጨረሻዋ ላይ ፊርማ የለም፤ ከወረቀቱ ጠርዝ የወደቀች አንዲት መስመር ብቻ አለች። «‹ይቺን ይቀበሉሽ ይሆን?› ብለውኝ ነበር።»

ጋዋኗን አወለቀች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። «የሾፌሩ ነገ ያልቃል። የእኔን ነገር ተዉት፤ የእሱን ግን አንድ ይበሉት።»

የመምሪያው ኃላፊ በጣም ደስ አለው። በአራት ቀን! ሐኪሟ ቃሏን ሰጥታ በዋስ ወጣች፣ የሥራ ፈቃዷ ግን በዚያው ቀን ታገደ። ቀጥሎም በሕገ ወጥ ማዘዣ የወጣው መድኃኒት ከአራቱም ቤት ተሰብስቦ ኤግዚቢት ክፍል እንዲገባ ታዘዘ።

«አራቱ ሰዎችስ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ሐኪም ይዘዝላቸዋ። ሐኪም ሞልቶ!»

ዓርብ ጠዋት ኢንስፔክተሩ ብቻውን ሐኪም ፍለጋ ወጣ። ዶክተር ቀጠሮ ሰምቶ ሲጨርስ በሐዘን ሳቀበት። «ዛሬውኑ እጽፍ ነበር። በምን ላይ ልጻፍ? ልዩ ማዘዣውንም መድኃኒቱንም አሽጋችሁታል። ቁልፉን ከእኔ ነው የምትጠይቀው?» ቁልፉ የኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ምርመራው ተጠናቆ እስኪፈረም አይነሳም፤ ይህን ኢንስፔክተሩ ራሱ ያውቃል። መድኃኒቱ ከግል ፋርማሲ እንኳ ቢገኝ ብሎ የራሳቸው ጥራዝ ያላቸው ጠቅላላ ሐኪሞች ጋ ሄደ። የመጀመሪያው መታወቂያውን ሲያይ ብድግ ብሎ ቆመና እስኪወጣ ድረስ አልተቀመጠም። ሁለተኛው ለረጅም ጊዜ አተኩሮ አየውና «ወጥመድ ነው አይደል? እንድጽፍ ነው የፈለጋችሁት» አለው። ሦስተኛዋ ጋ ሲደርስ ጸሐፊዋ «አሁን ወጡ» አለችው፤ ከበሩ ሥር ግን የሴትዮዋ ጫማ ይታያል። አራተኛ ሐኪም ጋ አልሄደም።

ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ቤት ገባ። ሽማግሌው ፊቱ አመድ መስሏል፣ ቀልድ የለም፣ አንሶላውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞታል። ጠርሙሱ ውስጥ ታች ትንሽ ቀርታለች።

«ዛሬ ነበር የሚያልቀው» አለች ልጅቷ። «እናንተ ከመጣችሁ ቀን ጀምሮ እየቀነስኩ ነው የምሰጠው። እስከ ነገ ጠዋት ታደርሰው ይሆናል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቃል ገብተውልኝ ነበር። አዲሱን ወረቀት አመጡልኝ?»

«እያየሁት ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። ውሸቱን ነው። ጠርሙሱን ሳይነካ ወጣ፤ ሌሎቹም ቤቶች እንደዚሁ። ቢሮ ተመልሶ በሠላሳ ዓመት ሥራው የመጀመሪያውን የሐሰት ሪፖርት ጻፈ፦ «በአራቱም ቤቶች ባዶ ጠርሙስ ብቻ ተገኝቷል።» ሊያደርግላቸው የቻለው ይህችን ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሪፖርቱ እውነት ሆነ። ኢንስፔክተሩ ሰፈሩ የደረሰው ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ምን ሊያደርግ እንደመጣ ራሱም አያውቅም። ሽማግሌው ገና ከመንገዱ መታጠፊያ ይሰማል። በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች እርምጃቸውን ያፈጥናሉ፤ አንዲት ሴት የልጇን ጆሮ ይዛ አለፈች። ኢንስፔክተሩ በሩን አንኳኳ፣ የከፈተ የለም። ደግሞ አንኳኳ። የመስኮቱ መጋረጃ ተገለጠና ልጅቷ ብቅ አለች። ፊቱን አላየችም፤ መጀመሪያ ቀኝ እጁን፣ ከዚያ ግራ እጁን አየች። ምንም እንዳልያዘ ባየች ጊዜ መጋረጃውን መልሳ ጋረደችው።